ፊት የሚሰጥና ፊት የሚነሣ ሥዕል

ሲኒማ ወደ አዲስ አበባ በገባበት በመጀመሪያው ዘመን ሥዕሉ የሚታይበትን ቤት ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ብሎ እንደ ሰየመው ከአባቶቻችን ስንሰማ ኖረናል። በጨለማ ክፍል ውስጥ፣ በነጭ ሸራ ላይ፣ ሰው ሳይኖር ሰው ሲሮጥ፣ ፈረስ ሳይኖር ፈረስ ሲጋልብ ያየ የዚያ ዘመን ሰው ሌላ ምን ይበለው? ዛሬ ስሙ ሲነሣ እንስቃለን። ነገር ግን ሥዕሉ ከአዳራሹ ወጥቶ ወደ ሳሎናችን፣ ከሳሎናችንም ወደ ልጆቻችን መዳፍ ከገባ ወዲህ አሮጌው ስጋት መልኩን ለውጦ ተመልሷል። በልደታ ማርያም ከቅዳሴ በኋላ በዐፀዱ ከሚያነጋግሩን ወላጆች ብዙዎቹ የሚነግሩን ስለ ሰይጣን አይደለም፤ «ልጆቻችን ሁሉም አንድ ዓይነት ሆኑብን፤ ጠጉራቸው አንድ፣ አነጋገራቸው አንድ፣ ሳቃቸው እንኳ አንድ፤ የእኔ ልጅ የትኛው እንደ ሆነ ከሩቅ መለየት ተቸገርሁ» ይሉናል።

ይህ ስሞታ ቀላል አይደለም። ሆኖም ሥዕሉን ሁሉ በአንድነት ከመኰነናችን በፊት ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ፤ ይኸውም ከፊልም አዘጋጆች መካከል ታላላቆቹ፣ ወላጆቻችን የሚጠይቁትን ይህንኑ ጥያቄ፣ ማለትም ሰው ብዙኀኑን ሲመስል የራሱ ማንነት ወዴት እንደሚሄድ፣ የሥራቸው መነሻ ማድረጋቸው ነው። የሚጠይቁትም ተዋናዮቹ በሚናገሩት ቃል ብቻ ሳይሆን በሥዕሉ አቀማመጥ ነው። ስለዚህ በዚህ ወር ስለ ካሜራ አነጋገር ጥቂት ለመጻፍ ወደድን።

ለሥዕል ንባብ እኛ እንግዶች አይደለንም። የቤተ ክርስቲያናችን የጥንት ሠዓሊዎች ጻድቁን፣ ሰማዕቱንና መልአኩን ፊት ለፊት፣ ሁለት ዓይኖቹን አጕልተው ይሥሉታል። ከሐዲውን፣ ገዳዩንና ጋኔኑን ግን በጎኑ አዙረው አንድ ዓይኑ ብቻ እንዲታይ ያደርጉታል። ጌታ ከደቀ መዛሙርቱ ጋር በማዕድ ተቀምጦ በተሣለበት ሥዕል ይሁዳ የትኛው እንደ ሆነ ለመለየት ጽሕፈት ማንበብ አያስፈልግም፤ ፊደል ያልቈጠሩ እናታችን ከቅኔ ማኅሌቱ ደጃፍ ቆመው በጣታቸው ያሳዩናል። ሁለት ዓይን ያለው ያየናል፣ እኛም እናየዋለን። ባለ አንድ ዓይኑ ግን ፊቱን ከእኛ አዙሯል፤ ከእርሱ ጋር መተያየት የለም።

ሌላም የሚደንቅ ነገር አለ። ቅዱሳኑ በሥዕል እርስ በርሳቸው እጅግ ይመሳሰላሉ። ዓይናቸው፣ አፍንጫቸው፣ የፊታቸው ቅርጽ አንድ እጅ እንደ ሣላቸው ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስን በነጭ ፈረሱ፣ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን በአንበሶቻቸውና በነብሮቻቸው፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትን በክንፋቸውና በአንድ እግራቸው እንለያቸዋለን እንጂ ፊታቸውን ብቻ ብንመለከት ብዙ ጊዜ እንሳሳታለን። ነገር ግን ከቅዱሳኑ አንዱ እንኳ በመመሳሰሉ ማንነቱን አጣ የሚል የለም፤ እያንዳንዱ ፊት ለፊት ቆሟልና። ከዚህ የምንረዳው መመሳሰል ሁሉ አንድ እንዳልሆነ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በላከው መልእክት በ12ኛው ምዕራፍ ይህን ዓለም መምሰልን ሲከለክል፣ በሌላ ስፍራ ደግሞ እርሱን እንድንመስል ራሱ ይመክረናል። ቋንቋችንም ይህን ልዩነት የሚይዝ አነጋገር አለው፤ ለሰው «ፊት ሰጠው» እንላለን፣ «ፊት ነሣው» እንላለን። ካሜራ የሚሠራው ሥራ ከዚህ ብዙ አይርቅም።

የፊልም አዘጋጅ ሰውን በሸራ ላይ ሲያስቀምጥ በርከት ያሉ ምርጫዎች አሉት። ካሜራውን አቅርቦ ፊት ብቻ ሸራውን እንዲሞላው ማድረግ ይችላል፤ አርቆ ሰውን በተራራ ሥር እንደ ጕንዳን ሊያሳንሰው ይችላል። ከታች ወደ ላይ ቢያነሣው ሰውዬው ይገዝፋል፤ ከላይ ወደ ታች ቢያነሣው ይኰሰምናል። አንዱን አጥርቶ ከኋላው ያለውን ሕዝብ ማደብዘዝ፣ ወይም አንዱን በሕዝቡ መካከል አደብዝዞ መሰወር ይችላል። ከሁሉ በላይ ግን ሥዕልን ከሥዕል ቀጥሎ ማስቀመጥ አለ፤ ሁለት ሥዕሎች ጎን ለጎን ሲመጡ ለየብቻቸው ያልነበራቸውን ትርጓሜ ይወልዳሉ። የቅኔ ተማሪ ሰምና ወርቅ ብሎ የሚያውቀው ነገር ነውና ብዙ ማስረዳት አያሻውም።

የዴንማርኩ አዘጋጅ ካርል ቴዎዶር ድሬየር እ.ኤ.አ. በ1928 በፈረንሳይ አገር ስለ ጃን ዳርክ ፍርድ በሠራው ድምፅ አልባ ፊልም ይህን ኃይል እስከ ጫፍ አድርሶታል። ያለ ቅባትና ያለ ኵል የተነሡ ፊቶች፣ በተለይም የልጅቱ ፊት፣ ሸራውን ሞልተው ይታያሉ። በዙሪያዋ የተቀመጡት ዳኞች የአገሯ ካህናትና ሊቃውንት ሲሆኑ እርሷ አንዲት ያልተማረች የገጠር ልጅ ናት። ብዙዎች በአንዲቱ ላይ ሲነሡ የምናየው በጭፍራ ብዛት ሳይሆን በፊት ብዛት ነው። ስዊድናዊው ኢንግማር በርግማን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1966 «ፐርሶና» በተባለው ፊልሙ የሁለት ሴቶችን ፊት እኩል ከፍሎ፣ የአንዲቱን ግማሽ ከሌላይቱ ግማሽ ጋር አጋጥሞ አንድ ፊት አደረገው። ያንን ፊት ያየ ሰው እንደሚሸማቀቅ እናውቃለን። የእኛ ሠዓሊ ግማሽ ፊት ሲሥል ያሰበው ነገር ከዚህ እጅግ የራቀ አይመስለንም።

ስለ ብዙኀኑ ከተናገሩት መካከል ሁለቱን ብቻ እንጥቀስ። ቻርሊ ቻፕሊን «ዘመናዊ ጊዜያት» ብለን ልንተረጕመው የምንችለውን የእ.ኤ.አ. 1936 ፊልሙን የሚጀምረው በበግ መንጋ ነው። በጎቹ ተጨናንቀው ይነጕዳሉ፤ በመካከላቸው አንድ ጥቁር በግ አለ። ወዲያው ሥዕሉ ተለውጦ ከምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ እየወጡ ወደ ፋብሪካ የሚጣደፉ ሠራተኞች ይታያሉ። አንድ ቃል አልተነገረም፤ ነገሩ ግን አለቀ። አሜሪካዊው ኪንግ ቪዶር ከዚያ ስምንት ዓመት ቀደም ብሎ «ሕዝቡ» በተሰኘው ፊልሙ ካሜራውን በአንድ ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ ግድግዳ ላይ ወደ ላይ አስጕዞ፣ ከብዙዎቹ መስኮቶች በአንዱ አስገብቶ፣ በመስመር የተደረደሩ ተመሳሳይ የጽሕፈት ጠረጴዛዎች የሞሉበትን አዳራሽ አሳየና ከእነዚያ ሁሉ መካከል ወደ አንዱ ሰው ወረደ። ያ ሰው በልጅነቱ ታላቅ ሰው እሆናለሁ ብሎ ያስብ የነበረ ነው።

ይህን ለመረዳት ወደ ኒውዮርክ መሄድ አያስፈልገንም። በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ዓመታት አሮጌው የልደታ ሰፈር ፈርሶ በምትኩ የኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች ቆመዋል። ቀድሞ ቤት የሚታወቀው «ከወይዘሮ እከሊት ግቢ አጠገብ፣ ኮሶው ዛፍ ካለበት» እየተባለ ነበር፤ ዛሬ በብሎክና በቤት ቍጥር ነው። ትንንሽ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ የእናታቸውን መስኮት በመጋረጃው ቀለም ሲለዩት አይተናል። የቀድሞው ቤት ጣራው ያፈስስ እንደ ነበረና የአዲሱ ቤት ውኃና መብራት በረከት እንደ ሆነ አንክድም፤ ሕንፃዎቹ በመመሳሰላቸው ብቻ የሚነቀፉ አይደሉም። በሰንበት ማለዳ ከእነዚያው ተመሳሳይ ደረጃዎች ሁሉም ነጭ ነጠላ ለብሶ ሲወርድ ማየት ደስ ያሰኛል፤ ነጠላው ሀብታሙን ከድኻው ጋር ያስተካክላልና። የተማሪ ቤት ልብስም የታሰበው ለዚሁ ነበር፤ የድኻው ልጅ እንዳያፍር። መመሳሰል የሚያስፈራው ሌላ ነገር ሲጨመርበት ነው፤ ይኸውም ሰው ከብዙኀኑ ካልተመሳሰለ በቀር ፊት የሚነሣው መሆኑን ሲያውቅ ነው።

ወደ አገራችን ፊልሞች እንመለስ። በጎንደር የተወለዱት ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ በአሜሪካ በሎስ አንጀለስ የፊልም ተማሪ ሳሉ በ1966 ዓ.ም. ክረምት ወደ አገራቸው መጥተው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተባለውን ፊልም በጥቂት ሳምንታት አነሡ። የዘውዱ መንግሥት ሊወድቅ የተቃረበበት ወራት ነበር። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ርዝመቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ይደርሳል፤ የሚታዩትም አብዛኞቹ ተዋናይነት ሙያቸው ያልሆነ የገጠር ሰዎች ናቸው።

በዚያ ፊልም የመሬቱ ባለቤት ከቤቱ ደጅ በከፍታው ላይ ወንበሩን አስቀምጦ በታች ባሉት ጢሰኞች ላይ ይጮኻል። እነርሱ ከሩቅ ሲታዩ ከመሬቱ ጋር አንድ ቀለም ናቸው፤ ሲያርሱ፣ ሲሸከሙ፣ ሲያጐነብሱ ጀርባቸው እንጂ ፊታቸው አይታይም። ካሜራው ከመሬቱ ባለቤት ዐይን ጋር ሆኖ የሚያይበት ጊዜ አለ፤ እኛም ተመልካቾቹ ሳናስበው ድኻውን ፊት እንነሣዋለን። ከዚያ ድንገት አቅርቦ የአንዲትን እረኛ ልጅ ፊት ያሳየናል። ልጅቱ ሕልሟን ስትናገር፣ እናትና አባቷ እንደ በሬ ተጠምደው ሲያርሱ በሥዕል ይታያል። ሕልሙን በቃል ብቻ ብትነግረን ኖሮ እናዝንላት ነበር፤ ቀንበሩን በሰው ጫንቃ ላይ ስናየው ግን ከኀዘን ያለፈ ነገር ይሰማናል። ብዙዎቹ በዝምታ በሚገዙበት በዚያ አገር እንዳሻው የሚናገረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ከበደ ያለ ግፍ ተሠርቶበት መሬቱን የተነጠቀ፣ የመንደሩ ሰው እብድ ብሎ የተወው አሮጌ ወታደር። ሌሎቹ አልፈውት ይሄዳሉ፤ ካሜራው ግን ቆሞ ያዳምጠዋል። ይህ ምርጫ በራሱ ፍርድ ነው።

ፊልሙ ረዥም ነው፤ ዝግታውም ለዛሬ ልጆች እንደሚከብድ እናውቃለን። እውነቱን ለመናገር ለአዋቂም ይከብዳል። ነገር ግን እርሻ ዝግ ያለ ሥራ ነው፤ አዘጋጁ የገበሬውን ጊዜ ለከተማ ሰው ትዕግሥት ብለው አላሳጠሩትም።

ከዚህ ሥራ ከ30 ዓመታት በኋላ ፕሮፌሰር ኃይሌ «ጤዛ»ን ይዘው መጡ። በ2000 ዓ.ም. ነሐሴ ወር በቬኒስ የፊልም በዓል ቀርቦ የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የድርሰት ሽልማት ተቀበለ፤ በቀጠለውም ዓመት በቡርኪና ፋሶ ዋና ከተማ በዋጋዱጉ በሚደረገው የአፍሪካ የፊልም በዓል የወርቅ ፈረሱን አገኘ። ታሪኩ የአንበርብር ታሪክ ነው። አንበርብር ከጣና ሐይቅ አካባቢ ከአንድ መንደር ወጥቶ በጀርመን አገር ሕክምና የተማረ፣ በደርግ ዘመን አገሩን ላገልግል ብሎ የተመለሰ፣ ከዚያም ዳግመኛ ወደ ጀርመን ሄዶ በመጨረሻ አንድ እግሩን አጥቶ ወደ እናቱ ቤት የገባ ሰው ነው። አንድ እግር ብቻ ያለው ሰው በምርኵዝ ሲቆም ያየ የእኛ ተመልካች ስለ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ማሰቡ አይቀርም። አዘጋጁ ይህን አስበውታል አንልም፤ ግን ሥዕል ከሥዕል ጋር በተመልካቹም ልብ ውስጥ ይጋጠማልና ብንጠቅሰው አያስነቅፍም። ጻድቁ እግራቸውን ያጡት በጸሎት ቆመው ነው፤ አንበርብር ግን እግሩን እንዴት እንዳጣ ራሱም በሚገባ አያስታውስም።

የፊልሙ አሠራር የተመሠረተው በዚህ መርሳት ላይ ነው። ታሪኩ ከመጀመሪያ ወደ መጨረሻ ተራውን ጠብቆ አይሄድም። አንበርብር በእናቱ ቤት በእሳት ብርሃን ተቀምጦ ሳለ በድንገት በጀርመን አገር የተማሪዎች ስብሰባ ይመጣል፤ ከዚያ የልጅነቱ ሐይቅ፣ ከዚያ የአዲስ አበባ አዳራሽ፣ ከዚያ እንደ ገና የእናቱ ፊት። «ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት» የሚል ማስታወቂያ የለም። በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ብዙ ተመልካች ግራ ይጋባል። ግን ግራ የተጋባው አንበርብር ነው፤ አዘጋጁ ስለ ሰውዬው ግራ መጋባት ከማውራት ይልቅ እኛን ራሳችንን ግራ አጋብተውናል። የተሰባበረ ሰው የተሰባበረ ፊልም ተሰጠው።

በዚህ ሰው ላይ መመሳሰል ከሦስት ወገን ይመጣበታል። በጀርመን ያሉት የአገሩ ልጆች ስለ ሕዝብ ነፃነት ይከራከራሉ፤ ቃላቸው ግን ከአንድ መጽሐፍ የተቀዳ ነው፤ አንዱ የተናገረውን ሌላው ይደግመዋል። በአዲስ አበባ በደርግ ጊዜ «ሂስና ግለ ሂስ» በሚባለው ሥርዐት፣ ሰው በጓደኞቹ ፊት ቆሞ ያላጠፋውን ጥፋት እንዲናዘዝ ይገደዳል። ያንን ዘመን ያለፉ ከአንባቢዎቻችን መካከል ብዙዎች ናቸውና አዳራሹ ምን ይመስል እንደ ነበረ ልንነግራቸው አይገባም፤ አንድ ላይ የሚነሡ እጆች፣ አንድ ላይ የሚጮኹ አፎች፣ የሚናገረውን ሰው እንጂ የገዛ ጎረቤቱን ለማየት የማይደፍር ዐይን። በዚያ ሥርዐት ላልተመሳሰለ ሰው የሚሰጠው መልስ ሞት ሆነና የአንበርብር ወዳጅ ተስፋዬ ተገደለ። በጀርመን ደግሞ ፊቱ ጥቁር በመሆኑ ብቻ ወጣቶች ደብድበው ከመስኮት ወረወሩት። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ «ምሰለን» ብለውት ነበር፤ እነዚህ ግን ቢመስላቸውም አይቀበሉትም። ተስፋዬ ከጀርመናዊት የወለደው ልጅ ደግሞ አለ፤ ከአባቱም አገር ከእናቱም አገር ሙሉ ፊት ያላገኘ ልጅ ነው። በውጭ አገር ልጆች የሚያሳድጉ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ያንን ልጅ ሲያዩ ብዙ ነገር ይታወሳቸዋል።

ሦስተኛው ወገን መንደሩ ነው፤ ይህ ለእኛ ይበልጥ ይከብደናል። አንበርብር ቤቱ ተመለሰ፤ ሰው ሁሉ ግን የተማረው ልጅ ምን ይዞልን መጣ ብሎ ይጠብቃል። ሌሊት ይቃዣል፣ ቀን ዝም ይላል፣ ስለዚህ ክፉ መንፈስ አድሮበታል ተብሎ ወደ ጠበል ይወሰዳል። ይህ ትርኢት ቤተ ክርስቲያንን ለመንካት የገባ ነው ብለው የሚያዝኑ ምእመናን አሉ። እኛ እንደዚያ አላየነውም። በእናቲቱ ፊት ላይ ፌዝ የለም፤ ልጇን መልሳ ለማግኘት የምታውቀውን መንገድ ሁሉ የምትሞክር እናት ናት። ካሜራው የሚያሳየን ግን ሌላም ነገር አለ፤ መንደሩ ለዚህ ሰው ሕመም ከአንድ ስም በቀር ሌላ ስም እንዳልነበረው ነው። ጠበሉ ለሚያምንበት ፈውስ መሆኑን እኛም እናምናለን፤ ሰውን ማዳመጥ ግን በጠበሉ ምክንያት የሚቀር ነገር አይደለም፤ በጠበል ቦታ ያገለገሉ አባቶችም ይህን ያውቁታል።

ከዚህም ጋር በእናቱ ቤት የተጠጋችው አዛኑ የምትባል ሴት አለች። መንደሩ አግልሏታል፤ በሩቁ ይጠቋቈሙባታል። አዘጋጁ እርሷንና አንበርብርን በአንድ ሥዕል ውስጥ ደጋግመው ያስቀምጧቸዋል፤ አንዱ ከመንደሩ ወጥቶ የጠፋ፣ አንዲቱ ከመንደሩ ሳትወጣ የጠፋች። ለወጣቶቹ ደግሞ ዋሻ አለላቸው፤ ለጦርነት እንዳይታፈሱ በዋሻ የተደበቁ ልጆች። ፊታቸውን በጨለማ ውስጥ እናያለን። ሰው እንዳይወሰድ መታየት የማይገባው ጊዜ እንደ ነበረ ያስታውሰናል፤ በዚያ ዘመን ወንድ ልጅ የነበራት እናት ሁሉ ይህን አትረሳውም።

ከትልልቆቹ ወደ ልጆች እንለፍ፤ የቤተ ሰብ ጉዳይ የሚጀምረው ከዚያ ነውና። በ2007 ዓ.ም. ግንቦት ወር የአቶ ያሬድ ዘለቀ ፊልም «ላምብ»፣ ማለትም «በግ»፣ በፈረንሳይ አገር በካን የፊልም በዓል ቀረበ፤ በዚያ በዓል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። አቶ ያሬድ በአዲስ አበባ ተወልደው በልጅነታቸው ወደ አሜሪካ የሄዱ፣ የፊልም ትምህርታቸውንም በኒውዮርክ የፈጸሙ ናቸው።

ኤፍሬም የሚባለው ልጅ እናቱ ሞታበታለች፤ እርሷም ከቤተ እስራኤል ወገን ነበረች። ምድሩ በድርቅ ስለ ተጎዳ አባቱ ልጁን በደጋ ለሚኖሩ ዘመዶች አደራ ሰጥቶ ራሱ ሥራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። ልጁ ከቤቱ ይዞት የመጣው በግ አለው፤ ከበጉ አይለይም። ሙያውም ምግብ ማብሰል ነው፤ ከእናቱ የተማረው ነውና። አጎቱ ሰሎሞን ግን ወንድ ልጅ ወደ ማጀት መግባቱ ያስቈጣዋል፤ ለመጪው በዓልም በጉ እንዲታረድ፣ ራሱ ልጁም ማረድን እንዲማር ይወስናል። ወንድ መሆን ማለት በዚያ ቤት ይህ ነው።

አዘጋጁ በዚህ ፊልም ሁለት ርቀቶችን ብቻ የወደዱ ይመስላል። አንዱ እጅግ ሩቅ ነው፤ አረንጓዴው ተራራ ሸራውን ሁሉ ሞልቶ ልጁና በጉ እንደ ሁለት ነጥብ ይታያሉ። ሌላው እጅግ ቅርብ ነው፤ የልጁ ጣቶች በበጉ ጠጉር ውስጥ፣ የልጁ እጆች በሊጥ ላይ። በመካከል ያለው ርቀት፣ ማለትም ቤተ ሰቡ የሚቀመጥበትና የሚቈጣበት ርቀት፣ የልጁ አይደለም። የአጎቱን ልጅ ጽዮንንም እንዲሁ ያስቀምጧታል፤ ጋዜጣ ታነባለች፣ ስለ እርሻ አዲስ ዘዴ ትናገራለች፣ ዘመዶቿ ግን የሚጠይቋት መቼ ታገባለሽ ብለው ነው። ሁለቱ የማይመሳሰሉ ልጆች በአንድ ጎጆ ሲገናኙ ቤቱ ትንሽ ይሰፋል።

አቶ ያሬድ አጎቱን ጨካኝ አድርገው አለመሣላቸውን እናመሰግናለን። በእኛ ሠዓሊዎች ሥርዐት ቢሆን ኖሮ በጎኑ አዙሮ አንድ ዓይን ብቻ መስጠት ይቀል ነበር። ሰሎሞን ግን ምግብ የሚጠብቁ ብዙ አፎች ያሉበት ገበሬ ነው፤ ሕጉንም ከአባቱ የተቀበለ ነው። በዚህ ረገድ ፊልሙ ከብዙ የውጭ ፊልሞች ይሻላል፤ ልጁን ከፍ ለማድረግ ሲል ዘመዶቹን ዝቅ አላደረገም።

ይህን ፊልም በአንድ ትምህርት ቤት ለሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች አሳይተን ነበር። በዚያ ክፍል ከመንዝ ገጠር የመጣ አንድ ልጅ አለ፤ ከዘመዶቹ ጋር በልደታ ይኖራል። በመጀመሪያው ወር አነጋገሩን እየቀዱ ስለ ሣቁበት ከዚያ ወዲህ በክፍል ውስጥ አይናገርም፤ ሲጠየቅ በአዲስ አበባ ልጆች አነጋገር፣ ባጭሩ፣ ዐይኑን ዝቅ አድርጎ ይመልሳል። ኤፍሬም ሲያበስል ወንዶቹ ልጆች ሣቁ፤ ይህ የሚጠበቅ ነበር። ሳምቡሳውን ሠርቶ በገበያ ሲሸጥና ወደ አገሩ የሚመለስበትን ገንዘብ ሲቈጥር ሣቁ ጋብ አለ። ፊልሙ ሲያልቅ አንዲት ተማሪ፣ «በግ ሰውን እንደ ውሻ ይከተላል እንዴ? ይህስ ውሸት ነው» አለች።

የመንዙ ልጅ እጁን አወጣ። በግ ብቻውን ሲሆን እንደሚጨነቅ፣ ከመንጋው ሲለይ ሌሊቱን ሁሉ እንደሚጮኽ፣ ከግልገልነቱ ጀምሮ ሰው ብቻ ያሳደገው በግ ግን ሰውየውን መንጋዬ ነው ብሎ እንደሚያስብ ነገራቸው። «ያ በግ ልጁን መንጋዬ ብሎታል» አለ፤ የተናገረውም በአገሩ በመንዝ አነጋገር ነበር። አንድ ሰው ለመሣቅ ጀምሮ ተወው። ሌላው ልጅ ግልገል ስንት ወር እንደሚጠባ ጠየቀው፤ ሌላይቱ ደግሞ በባናው ላይ ያለው ጠጉር እንዴት እንደሚፈተል ጠየቀችው፤ ደወል እስኪደወል ድረስም ጥያቄው አላለቀም።